ዴንታል ሃይጂን ወይስ ሶኖግራፊ? አሜሪካ ውስጥ ለመማር ለምታስቡ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ ስለ ትምህርት ሲያወራ ከነርሲንግ ቀጥለው የሚነሱ ሁለት ሙያዎች አሉ። አንዱ ዴንታል ሃይጂን ነው፣ የጥርስና የድድ ንጽህና ሙያ። ሌላው ብዙዎቻችን «አልትራሳውንድ» ብለን የምንጠራው ሶኖግራፊ ነው። ሁለቱንም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መማር ይቻላል። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፣ ክፍያቸውም ጥሩ ነው። ታዲያ አንዱን መምረጥ ያለበት ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ደሞዝ ስለሆነ እሱን ቶሎ እናንሳውና እንለፍ። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2024 ባወጣው አኃዝ የዴንታል ሃይጂኒስት መካከለኛ ዓመታዊ ክፍያ 94,260 ዶላር ነበር። የሶኖግራፈር ደግሞ 89,340 ዶላር። ልዩነቱ አምስት ሺህ እንኳ አይሞላም። እሱም ቢሆን እንደ ክፍለ ግዛቱና እንደ ቀጣሪው ይገለባበጣል። የሥራ ገበያውም ለሁለቱም እያደገ ነው። ስለዚህ በደሞዝ ብቻ ለመምረጥ ከሞከራችሁ ሳንቲም ወርውሮ ከመምረጥ ብዙም አይሻልም።

እኔ እንዲህ ነው የማምነው። እነዚህን ሁለት ሙያዎች የሚለያቸው ቀኑ እንዴት እንደሚውል ነው፣ ሰውነታችሁ ምን እንደሚከፍል ነው፣ ላይሰንሱ (የሙያ ፈቃዱ) የት ድረስ እንደሚያስኬዳችሁ ነው፣ የጤና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚሸፍንላችሁ ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ የምትገቡበት ትምህርት ቤት እውቅና ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ሁለት ዓመቱንም ገንዘቡንም ያጣል።

ቀኑ እንዴት ይውላል?

ዴንታል ሃይጂኒስት በግምት በየሰዓቱ አንድ ታካሚ ትቀበላለች። (ወንዶችም አሉ፣ ግን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።) የጤና ታሪክ ትጠይቃለች፣ የደም ግፊት ትለካለች፣ ካስፈለገ ራጅ ታነሳለች። ከዚያ ድዱን ትለካለች። በእጇ የምትይዘው ፕሮብ ሚሊ ሜትር የተሠመረበት ቀጭን ዘንግ ነው። በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ አድርጋ ታስገባዋለች። ለእያንዳንዱ ጥርስ ስድስት ቦታ ትለካለች። «ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ትቆጥራለች፣ ቁጥሩም ይመዘገባል። ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ጤናማ ነው። አራት፣ አምስት እያለ ከሄደና ከደማ ድዱ ከጥርሱ እየለቀቀ ነው ማለት ነው። ሠላሳ ሁለት ጥርስ ያለው ሰው አፍ ውስጥ 192 ልኬት አለ። ከዚያ በኋላ ነው ጥርስ ላይ ደርቆ የተጋገረውን ታርታር የምትጠርገው።

በዚህ ሁሉ መሃል ታወራለች። ሥራው ግማሹ ወሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሙያው ሲጀመርም እንዲህ ነበር። ዶክተር አልፍሬድ ፎንስ በ1913 ብሪጅፖርት፣ ኮነቲከት ውስጥ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈተው በዋናነት ሕፃናት ተማሪዎች ጥርሳቸው ከመበላሸቱ በፊት እንዲጠብቁት የሚያስተምሩ ባለሙያዎችን ለማፍራት ነው። ዛሬም ጥሩ ሃይጂኒስት ታካሚዋን ሳታሳፍር ማስተማር የምትችል ናት። አገር ቤት ጥርስ ካልታመመ ሐኪም ጋ የማይኬድበት ልማድ ስላለ፣ በስልሳ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡ እናቶችና አባቶች አሉን። መፋቂያ ሲጠቀሙ የኖሩ፣ ጥርሳቸው ነጭ የሆነ፣ ድዳቸው ግን የተጎዳ። እነዚህን ሰዎች በአማርኛ «እማማ፣ ትንሽ ይደማል፣ አይደንግጡ» የሚላቸው ሰው ሲያገኙ ምን ያህል እንደሚቀላቸው ያየ ያውቀዋል።

የሶኖግራፈር ቀን ሌላ ነው። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ምርመራው እንደ ዓይነቱ ግማሽ ሰዓትም፣ አንድ ሰዓትም ይፈጃል። አንድ የሆድ ምርመራ እንመልከት። ታካሚው ሳይበላ ይመጣል፣ ምክንያቱም ከበላ የሐሞት ከረጢቱ ይኮማተራል። ይተኛል፣ ጄል ይቀባል፣ ፕሮቡ (እዚህ ጋ የድምፅ ሞገድ የሚልከው የማሽኑ እጀታ ነው) ከጎድን አጥንቱ ሥር ይቀመጣል። «ትንፋሽዎን ይሳቡ፣ ያዙት።» ጉበቱ ወደ ታች ወርዶ ይታያል። ከረጢቱ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር አለ፣ ከኋላው ጥቁር ጥላ ጥሏል። ጠጠር ይመስላል። ግን ሶኖግራፈሯ እዚያ አትቆምም። ታካሚውን በጎኑ ታስተኛዋለች። ነጩ ነገር ተንከባሎ ቦታውን ከቀየረ ጠጠር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እዚያው ተጣብቆ ከቀረ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። እሷ ይህን ካላሰበችና ምስሉን ካልወሰደች፣ ኋላ ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ያልተነሳ ነገር ማንበብ አይችልም።

ይሄ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ኢትዮጵያ ውስጥ አልትራሳውንድ ስንነሳ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቡን የሚይዘው ሐኪም ስለሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ሶኖግራፈር ማሽን የምትነካ ረዳት ትመስለናለች። አይደለችም። ፈልጋ የምታገኘው እሷ ናት። ሆኖም ያገኘችውን ለታካሚው መናገር አይፈቀድላትም፣ ምርመራውን አንብቦ ውጤት የሚሰጠው ሐኪም ነው። እርጉዝ ሴት «ልጄ ደህና ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሶኖግራፈሯ ስክሪኑ ላይ የልብ ምት እንደሌለ እያየች ፊቷን ሳትለውጥ «ሐኪሙ ያነጋግርሻል» ማለት አለባት። ይህን መሸከም የሚችል ሰው አለ፣ የማይችልም አለ። ከመግባታችሁ በፊት ራሳችሁን በሐቀኝነት ጠይቁ።

በአጭሩ፣ ሃይጂን ከሰው ጋር መጫወትን ለሚወድና በእጁ ለሚተማመን ነው። ሶኖግራፊ ዝም ብሎ ማየት፣ መፈለግና መጠርጠር ለሚወድ ነው።

ትምህርቱ

ሁለቱም በአሶሼት ዲግሪ ይጀምራሉ። ሁለት ዓመት ይባላል፣ ግን ይህ ቁጥር ያታልላል። ከፕሮግራሙ በፊት መወሰድ ያለባቸው ቅድመ ኮርሶች አሉ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ። ለሃይጂን ማይክሮባዮሎጂና ኬሚስትሪ ይጨመራል። ለሶኖግራፊ ደግሞ ፊዚክስ። እየሠራ ለሚማር ሰው ቅድመ ኮርሱ ብቻ አንድ ዓመት ከዚያም በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በልባችሁ ሦስት ዓመት ያዙ።

ፊዚክሱን አትናቁት። ሶኖግራፊ ሙሉ በሙሉ በድምፅ ሞገድ ላይ የቆመ ነው። ጆሯችን የሚሰማው በሰከንድ እስከ ሃያ ሺህ ንዝረት ነው፣ የምርመራ ማሽኑ የሚጠቀመው በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ንዝረቱ ሲጨምር ምስሉ ይጠራል፣ ግን ጥልቀቱ ይቀንሳል። አንገት ላይ ያለ ታይሮይድና ወፍራም ሰው ሆድ ውስጥ ያለ ኩላሊት በአንድ ዓይነት ፕሮብ አይታዩም። የደም ፍሰት ዶፕለር በሚባለው ዘዴ የሚለካበት ሒሳብም አለ። አገር ቤት አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ በሳይንስ መስመር የተማረ ሰው እዚህ ጋ ብልጫ አለው። ፊዚክስ ሲባል ሆዱን የሚቆርጠው ሰው ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ይፈትነዋል።

ሃይጂን የሚፈትነው በሌላ መንገድ ነው። የክሊኒክ ሥራው ብዙ ጊዜ በራሱ በኮሌጁ ውስጥ ነው፣ የጥርስ ወንበሮች የተደረደሩበት ክሊኒክ አለ። ተማሪው ግን ታካሚ ማግኘት አለበት። ይህን ያህል ሕፃን፣ ይህን ያህል አዛውንት፣ ይህን ያህል ድዱ የተጎዳ ሰው ተብሎ መስፈርት ይሰጠዋል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ታካሚ ፍለጋ የሚሯሯጥ የሃይጂን ተማሪ ብዙ ነው። እዚህ ላይ እኛ ሀብት አለን። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ እድሩ አለ፣ ዘመድ አለ። በዓመታት ጥርሱን ያላሳየ፣ ኢንሹራንስ የሌለው፣ በተማሪ ክሊኒክ በትንሽ ክፍያ ቢታይ ደስ የሚለው ሰው በየቤቱ አለ። ተማሪውም ይጠቀማል፣ ታካሚውም ይጠቀማል።

የሶኖግራፊ ተማሪ ታካሚ መፈለግ የለበትም፣ ግን ሆስፒታል ለሆስፒታል ይዞራል። ኮሌጁ የሚመድብበት ቦታ ከቤት አንድ ሰዓት ሊርቅ ይችላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መድረስ ሊጠበቅበት ይችላል። ያለ ክፍያ ነው፣ በሳምንት ብዙ ቀን ነው። መኪና የሌለው ሰው ይቸገራል። ኡበር እየነዳ ወይም ሙሉ ሰዓት እየሠራ እማራለሁ የሚል ሰው በሁለቱም ፕሮግራሞች ይወድቃል፣ በሶኖግራፊ ግን ቶሎ ይወድቃል። የትዳር ጓደኛ ወይም ቤተሰብ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ኪራዩን መሸፈን ይችላል ወይ የሚለውን በግልጽ ተነጋግራችሁ ግቡ።

የት ይማራል ለሚል፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ኖቫ የምንለው፣ ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ ሁለቱንም ያስተምራል። ሜሪላንድ በኩል ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሶኖግራፊ አለው። ባችለር ዲግሪ የሚፈልግ ሰው፣ ኦሪገን ቴክ ሁለቱንም በባችለር ደረጃ ይሰጣል። ኖርፎክ ያለው ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሃይጂን ባችለር አለው፣ አሶሼት ይዘው ላይሰንስ ያወጡ ሰዎችም በኦንላይን ወደ ባችለር ያድጉበታል።

ባችለር ያስፈልጋል ወይ? ለሥራው ለመቀጠር አያስፈልግም። የጥርስ ክሊኒኩም ሆስፒታሉም የሚያየው ላይሰንሱንና ምስክር ወረቀቱን ነው። ማስተማር፣ የሕዝብ ጤና ወይም አስተዳደር ውስጥ መግባት ለሚያስብ ግን ኋላ ያስፈልገዋል። የእኔ ምክር፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሩ፣ ሥራ ያዙ፣ ባችለሩን ቀጣሪ እየከፈለላችሁ ጨርሱ። ዕዳ ውስጥ ሳይገቡ እዚያው ይደረሳል።

እውቅና

ይህን ክፍል ዘልላችሁ አትለፉ።

የሃይጂን ፕሮግራሞችን እውቅና የሚሰጠው ኮዳ የሚባለው የጥርስ ትምህርት እውቅና ኮሚሽን ነው። ከኮዳ እውቅና ውጭ ከሆነ ትምህርት ቤት ተመርቆ ብሔራዊ ፈተና ላይ ለመቀመጥና ላይሰንስ ለማውጣት መንገዱ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሃይጂን በኩል የሚያታልል ትምህርት ቤት ብዙ አይገጥማችሁም።

ሶኖግራፊ ላይ ነው አደጋው። ፕሮግራሞችን እውቅና የሚሰጠው ድርጅት ካሄፕ (CAAHEP) ይባላል። ነገር ግን ካሄፕ እውቅና የሌለው ትምህርት ቤትም ተከፍቶ፣ ተመዝግቦ፣ ማስታወቂያ እየሠራ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እያስከፈለ ሊያስተምር ይችላል። «እውቅና አለን» ይላሉ፣ እውነትም አላቸው፤ ግን እውቅናው ለተቋሙ እንጂ ለሶኖግራፊ ፕሮግራሙ አይደለም። ልዩነቱ የሚታወቀው ተመርቃችሁ ዋናውን የምስክር ወረቀት ፈተና ለመቀመጥ ስታመለክቱ ነው። ከካሄፕ ፕሮግራም የወጣ ሰው ወዲያው ይፈተናል። ከሌላ የወጣ ሰው «መጀመሪያ አንድ ዓመት በሙያው ሠርተህ ና» ሊባል ይችላል። ያለ ምስክር ወረቀት ደግሞ የሚቀጥረው ሆስፒታል ማግኘት ከባድ ነው። መፈተን ሥራ ይፈልጋል፣ ሥራ መፈተን ይፈልጋል። ብድሩ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

እንዴት ይጣራል? ቀላል ነው። ካሄፕ ድረ ገጹ ላይ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ያወጣል። የትምህርት ቤቱን ስም እዚያ ፈልጉ። ሻጩ በስልክ በነገራችሁ አትመኑ። ዝርዝሩ ላይ ካለ ደግሞ የትኛው ስፔሻሊቲ እንደሆነ እዩ፤ ጠቅላላ ነው፣ የልብ ነው ወይስ የደም ሥር? አንዱን የያዘ ሌላውን ላይይዝ ይችላል። እውቅና ያላቸው ፕሮግራሞች ስንት ተማሪ እንዳስመረቁ፣ ስንቱ ፈተናውን እንዳለፈና ስንቱ ሥራ እንዳገኘ በግልጽ ማሳወቅ አለባቸው። ያንን ሰንጠረዥ ጠይቁ። ለማሳየት የሚያቅማማ ቦታ ላይ ገንዘባችሁን አትጣሉ።

ፈተናና ላይሰንስ

ሃይጂኒስት በሦስት በር ያልፋል። አንደኛ ብሔራዊ ቦርድ፣ 350 ጥያቄ ያለው፣ ማለፊያው በተመዘነ ነጥብ (ስኬል ስኮር) 75 ነው። ሁለተኛ የክሊኒክ ፈተና። ቀድሞ በእውነተኛ ታካሚ ላይ ነበር፤ ተፈታኙ ታካሚውን ይዞ ይመጣል፣ ታካሚው ከቀረ ቀረ ነበር። ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ክፍለ ግዛቶች በሰው አምሳያ ላይ የሚደረገውን ይቀበላሉ። ሦስተኛ የክፍለ ግዛቱ ላይሰንስና የሕግ ፈተና። ላይሰንሱ የክፍለ ግዛቱ ነው። ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ ብትሄዱ እንደገና ማመልከት አለባችሁ። የሚፈቀድላችሁ ሥራም ይለያያል። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ሃይጂኒስት የማደንዘዣ መርፌ መውጋት ትችላለች። በኮሎራዶ የራሷን ክሊኒክ መክፈት ትችላለች። ሌላ ቦታ ደግሞ ያለ ሐኪም ፈቃድ እጇ የታሰረ ነው።

የሶኖግራፈር ነገር ተቃራኒው ነው። ላይሰንስ የሚጠይቁት እንደ ኦሪገንና ኒው ሜክሲኮ ያሉ ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ብቻ ናቸው። ዋናው ነገር ኤአርዲኤምኤስ (ARDMS) የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው፣ እሱ አገር አቀፍ ነው። ሁለት ፈተና አለ። አንዱ የፊዚክስና የማሽን ፈተና ነው፤ ሌላው የስፔሻሊቲ ነው፣ ለምሳሌ ሆድ፣ የማህፀንና የፅንስ፣ የልብ ወይም የደም ሥር። ሁለቱን በአምስት ዓመት ውስጥ ማለፍ አለባችሁ። ከዚያ ወረቀቱ ከሜሪላንድም ሚኒሶታም፣ ከሲያትልም አትላንታም ያስኬዳል። ባል ወይም ሚስት በሥራ ምክንያት የሚዘዋወሩበት ቤት ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ሶኖግራፈር በየጊዜው አዲስ ስፔሻሊቲ እየጨመረ ይሄዳል። በሆድ ጀምሮ የደም ሥር ይጨምራል፣ ከዚያ የፅንስ ልብ። እያንዳንዱ ሲጨመር ዋጋው ይጨምራል። ሃይጂኒስት ላይ ይህ መሰላል አጭር ነው፤ በአንድ ክሊኒክ የአምስት ዓመትና የሃያ ዓመት ሃይጂኒስት ክፍያ የሚያስገርም ልዩነት ላይኖረው ይችላል። ሚኒሶታ በ2009 ዴንታል ቴራፒስት የሚባል ከሃይጂኒስት ከፍ ያለ ሙያ ፈቅዳለች፣ ጥርስ መሙላትም ይችላሉ። ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከትለዋል። ዲሲ አካባቢ ላለ ሰው ግን ገና የሚጠበቅ ነገር ነው።

ሰዓትና ኢንሹራንስ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ምርጫው ይለይለታል።

የጥርስ ክሊኒክ ሌሊት አይሠራም። በዓል ይዘጋል። አርብ የማይሠራ ክሊኒክም ብዙ ነው። ብዙ ሃይጂኒስቶች በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ይሠራሉ፣ አንዳንዴም ሁለት ክሊኒክ ከፋፍለው። ትናንሽ ልጆች ያሏት እናት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሠርታ፣ ማታ ቤቷ ትገባለች። ግን ክሊኒኩ ትንሽ ነው፣ አንድ ሐኪም የያዘው። የጤና ኢንሹራንስ ላይሰጥ ይችላል፣ የጡረታ ቁጠባም እንዲሁ። ታካሚው ቀጠሮ ሲሰርዝ ሰዓቷን የሚቆርጥም አለ። በሰዓት የሚከፈለው ዶላር የሚያምር ሆኖ ዓመቱ ሲደመር የሚቀንሰው በዚህ ነው።

ሆስፒታል ደግሞ ቤኔፊት አለው፤ ኢንሹራንስ ለቤተሰቡ፣ የዕረፍት ቀን፣ የጡረታ ቁጠባ፣ የትምህርት ክፍያ። ግን ሆስፒታል አይተኛም። አዲስ ምሩቅ ሶኖግራፈር የሚያገኘው መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ሺፍት ነው። ኦን ኮል አለ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል፣ የድንገተኛ ክፍል ይጠራል። ፋሲካም ገናም ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ዓመት ልምድ በኋላ ወደ ሐኪም ቢሮ ወይም ወደ ነፍሰ ጡር ክሊኒክ መዛወር ይቻላል፣ ሰዓቱም ይስተካከላል። መጀመሪያው ግን እንዲህ ነው።

ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ኢንሹራንስ ያለው ሌላ ሰው ካለ፣ ሃይጂን ለቤተሰብ የሚመች ሕይወት ይሰጣል። ቤቱን ብቻዋን የምታስተዳድር እናት ግን ሶኖግራፊን ብታስቀድም እላለሁ። የልጅ ሕመም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ሰውነት

ሁለቱም ሙያ ሰውነት ይጎዳል። ይህን ትምህርት ቤቶች በማስታወቂያቸው አይነግሯችሁም። ሃይጂኒስት አንገቷን አዘንብላ፣ ጣቷን ጨብጣ፣ ትንሽ ብረት ይዛ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። የእጅ አንጓ፣ አንገትና ጀርባ ይታመማል። ሶኖግራፈር ደግሞ ክንዷን ዘርግታ ፕሮቡን በኃይል እየተጫነች ስክሪኑን ለማየት አንገቷን ታዞራለች። በተለያዩ ጥናቶች ከአሥር ሶኖግራፈሮች ስምንት ወይም ዘጠኙ እያመማቸው እንደሚሠሩ ተናግረዋል። ትከሻ ነው በዋናነት። በሽተኛ ማንሳትና አልጋ መግፋትም አለ።

ትከሻችሁ ወይም ወገባችሁ ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ሶኖግራፊን ሁለት ጊዜ አስቡበት። እጃችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ሃይጂንን። በሁለቱም መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቀማመጥን መማር ነው። ሃይጂን ተማሪዎች ማጉያ መነጽር እንዲገዙ ይደረጋል፣ ውድ ነው፣ ግን አንገት ያድናል። እዚያ ላይ አትቆጥቡ።

ከአገር ቤት ተምረው ለመጡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሐኪም፣ ጤና መኮንን ወይም ነርስ የነበረ ሰው ሁሉ ከዜሮ አይጀምርም። ኤአርዲኤምኤስ ከውጭ አገር በሕክምና የተመረቁ ሐኪሞች የአልትራሳውንድ ልምዳቸውን አስመስክረው የሚፈተኑበት መንገድ አለው። የጥርስ ሐኪም ለነበረ ደግሞ ፍሎሪዳ ልዩ በር አላት፤ ከውጭ አገር የተመረቀ የጥርስ ሐኪም ሃይጂን ትምህርት ቤት ሳይገባ ለሃይጂኒስትነት ላይሰንስ መፈተን ይችላል። ለሌሎቻችሁ፣ ትራንስክሪፕታችሁን የውጭ ትምህርት በሚገመግም ድርጅት አስገምግሙና አናቶሚና ኬሚስትሪው ይያዝልኝ ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ይያዛል። ብዙ ፕሮግራሞች ግን የሳይንስ ኮርስ ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ ከሆነው አይቀበሉም።

የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ግሪን ካርድ ላለው፣ በዲቪ የመጣውን ጨምሮ፣ ለስደተኛና ጥገኝነት ላገኘ ሰው ክፍት ነው። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ብቻ ላለው አይሰጥም። ቨርጂኒያ ውስጥ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር መኖር ያስፈልጋል። አዲስ የመጣ ሰው ያንን ዓመት እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን ቢያስተካክልበት ጥሩ ነው።

ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ልብ በሉ፣ መንገዱ እዚያ ሌላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሶኖግራፈር ለመሆን የተለመደው መንገድ መጀመሪያ ሌላ የጤና ዲግሪ ይዞ ከዚያ በድኅረ ምረቃ መማር ነው። ዴንታል ሃይጂኒስት ግን በቀጥታ ይማራል፣ በጥርስ ሕክምና ምክር ቤቱ ይመዘገባል፣ ከ2013 ጀምሮም ታካሚ ሐኪም ሳያየው በቀጥታ ወደ እሱ መሄድ ይችላል።

ከማመልከታችሁ በፊት

ሁለቱም ፕሮግራሞች ጥቂት ተማሪ ነው የሚቀበሉት። ውድድሩ በአናቶሚ ውጤት ነው። ስለዚህ አናቶሚን ከሌላ ሦስት ከባድ ኮርስ ጋር አትውሰዱ፣ ብቻውን ውሰዱትና ኤ አምጡ። ሲ ይዞ ከመወዳደር አንድ ሴሚስተር ዘግይቶ ኤ ይዞ መወዳደር ይሻላል።

ሥራውን በዓይናችሁ እዩት። የሚያውቋችሁን የጥርስ ሐኪም «አንድ ጠዋት ሃይጂኒስቷን ልመልከት» ብትሉ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ሆስፒታል ከባድ ነው፣ የታካሚ ምስጢር ስላለ፣ ግን ኮሌጁ የሚያዘጋጀው ገለጻ ላይ ተማሪዎቹን ማነጋገር ይቻላል። ሁለተኛ ዓመት ያለችውን ፈልጉ፣ አስተማሪው በሌለበት ጠይቋት። ስንት ሰዓት ትተኛለች? ክሊኒኩ ስንት ማይል ይርቃል? ከክፍሏ ስንት ሰው አቋረጠ?

ሁለቱም እኩል ከሳቧችሁ፣ አንድ መንገድ አለ። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሁለቱም ያገለግላሉ። እነሱን አስቀድሙ። ማይክሮባዮሎጂውንና ፊዚክሱን አቆዩት። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ሥራ ሄዳችሁ አይታችሁ ትወስናላችሁ፣ የወሰዳችሁት ኮርስም አይባክንም። ስታመለክቱም አንድ ኮሌጅ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም አመልክቱ። የማመልከቻ ቀኑ ካለፈ ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ዕድል ከዓመት በኋላ ስለሆነ፣ የእያንዳንዱን ኮሌጅ ቀን ዛሬውኑ ካላንደራችሁ ላይ ጻፉት።